ምልክት ቢኖርም ባይኖርም፦ የመንገዱን ዓይነት አይቶ ፍጥነት አመራረጥ

የፍጥነት ወሰን ብዙ ሾፌር ያናድዳል። ሰፊና ቀጥ ያለ መንገድ ላይ 50 ይለጠፋል። ጠባብና ጠመዝማዛ የገጠር መንገድ ላይ ደግሞ 80 ይፈቀዳል። ሰው «ይሄን ምልክት የተከለው መኪና ነድቶ ያውቃል?» ቢል አይፈረድበትም።

ነገሩ ግን ከመንገዱ ስፋት ጋር ብዙም አይገናኝም። ጥሩ የፍጥነት ወሰን የሚነሳው ከአንድ ጥያቄ ነው። እዚህ ቦታ አንድ ሰው ቢሳሳት ምን ከምን ጋር ይጋጫል? ይህን ከመንገዱ ላይ ማንበብ የለመደ ሾፌር ምልክት በሌለበትም፣ በማያውቀው አገርም ተገቢውን ፍጥነት ራሱ ይገምታል። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ለዚያ ነው። የጻፍኩት ለትንሽ መኪና ነው፤ ለጭነት መኪናና ለአውቶቡስ ቁጥሮቹ ዝቅ ይላሉ።

1. ሕጉ ከየት እንደሚጀምር እወቁ

በየአገሩ ምልክት በሌለበት የሚሠራ መነሻ ወሰን አለ። ምልክት የለም ማለት እንደፈለጋችሁ ንዱ ማለት አይደለም። አብዛኛው አገር ሦስት ቦታ ይከፍለዋል፦ ከተማ ውስጥ፣ ከከተማ ውጭ፣ ፈጣን መንገድ። ጀርመንን ብንወስድ ለትንሽ መኪና ከተማ ውስጥ 50፣ ከከተማ ውጭ 100 ነው። አውቶባን በሚባለው ፈጣን መንገዳቸው ላይ ወሰን ካልተለጠፈ ደግሞ 130 ምክር ነው እንጂ ግዴታ አይደለም። ፈረንሳይ አካፋይ የሌላቸውን ባለ ሁለት አቅጣጫ የገጠር መንገዶች እ.ኤ.አ. በ2018 ከ90 ወደ 80 አወረደች። ጩኸቱ ብዙ ነበር፤ በኋላ አንዳንድ አካባቢዎች ወደ 90 መልሰውታል።

መኪና ተከራይታችሁ ሌላ አገር የምትነዱ ከሆነ እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ቁልፉን ከመቀበላችሁ በፊት ያዙ። አንድ ሌላ ነገርም አጣሩ፤ ቁጥሩ በኪሎ ሜትር ነው ወይስ በማይል? አሜሪካና እንግሊዝ በማይል ነው የሚለጥፉት። 30 ማይል 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ምልክቶቹን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ1968 ቪየና ላይ የተፈረመው የመንገድ ምልክቶች ስምምነት ሥራውን አቅልሎታል። በብዙ አገር ቀይ ጠርዝ ያለው ክብ ውስጥ ያለ ቁጥር ግዴታ ነው። ያው ቁጥር ደብዝዞ በሰያፍ መስመር ከተሰረዘ ወሰኑ አበቃ ማለት ነው። አበቃ ሲባል ግን ወደ መነሻው ወሰን ተመለሱ ነው፤ ልቀቁት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ግዴታው ነጭ አራት ማዕዘን ላይ ይጻፋል። ኩርባ ላይ የምታዩት ቢጫ ሰሌዳ ምክር ነው። ምክር ስለሆነ ብቻ የሚንቁት አሉ፤ ኩርባው ግን አይንቃቸውም።

በብዙ የአውሮፓ አገሮች ደግሞ ቁጥር እንኳ አይለጠፍም። የመንደሩ ስም የተጻፈበት የመግቢያ ሰሌዳ ራሱ «ከተማ ገባህ፣ ወደ 50 ውረድ» ማለት ነው። እንግዳ ሾፌር ብዙ ጊዜ የሚቀጣው እዚህ ላይ ነው።

2. አራት ቁጥሮች በጭንቅላታችሁ ያዙ፦ 30፣ 50፣ 70፣ 100

ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1997 «በመንገድ ላይ ሞት ዜሮ ይሁን» የሚል ፖሊሲ በፓርላማዋ አጽድቃለች። ከዚያ ወዲህ የመንገድ ደህንነት ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ስሌት አለ። መነሻው የሰው አካል ምን ያህል ምት ይችላል የሚለው ነው።

እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ቦታ 30። እግረኛ ኮፈን የለውም፤ ከዚህ በላይ በሆነ ፍጥነት ሲመታ የመሞት ዕድሉ በፍጥነት ይወጣል።

መኪና ከጎን ሊመታ በሚችልበት መስቀለኛ 50። የመኪና ጎን ቀጭን ነው። በእናንተና በሚመጣው መኪና መሀል ያለው በር ብቻ ነው።

ሁለት መኪኖች ፊት ለፊት ሊገናኙ በሚችሉበት፣ አካፋይ በሌለው መንገድ 70። የፊት ክፍል እየተጨማደደ ምቱን ይቀበላል፣ ቀበቶና የአየር ከረጢትም ያግዛሉ። ግን ወሰን አላቸው።

ፊት ለፊትም ከጎንም መጋጨት በማይቻልበት፣ አካፋይና አጥር ባለው መንገድ 100 እና ከዚያ በላይ።

ብዙ አገር ሕጉ ከእነዚህ ከፍ ያደርጋል። አካፋይ የሌለው የገጠር መንገድ ላይ 80፣ 90፣ 100 ይፈቀዳል። ስለዚህ የተለጠፈው ቁጥር ጣሪያ ነው፤ መድረስ ያለባችሁ ግብ አይደለም። የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ የተለጠፈውና ከእነዚህ አራቱ የሚስማማው ቁጥር ሲለያዩ፣ ለምን እንደተለያዩ ሳታውቁ ትልቁን አትምረጡ።

3. የመቆሚያ ርቀቱን በቃል አስሉ

ጀርመን ውስጥ ለመንጃ ፈቃድ የሚማር ሰው የሚያጠናት ቀመር አለች። ወረቀት አትፈልግም።

ፍጥነቱን ለ10 ክፈሉ፣ በ3 አባዙ። ይህ አደጋውን አይታችሁ እግራችሁ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ የምትሄዱት ሜትር ነው። ከዚያ ፍጥነቱን ለ10 ክፈሉና ያገኛችሁትን በራሱ አባዙ። ይህ ፍሬን ከተያዘ በኋላ የምትሄዱት ነው። ሁለቱን ደምሩ።

በ50 ስትነዱ 15 ሲደመር 25፣ 40 ሜትር ነው። በ100 ደግሞ 30 ሲደመር 100፣ 130 ሜትር። ፍጥነቱ እጥፍ ሆነ፤ ርቀቱ ግን ከሦስት እጥፍ በለጠ። ይህ ለተለመደው የፍሬን አያያዝ ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬኑን በሙሉ ኃይል ከረገጣችሁ ሁለተኛውን ቁጥር በግማሽ ቀንሱት።

አሁን ቀመሯን አንድ ቦታ ላይ እንሞክራት። ከቆመ መኪና ጀርባ 14 ሜትር ፊት ለፊታችሁ ልጅ ዘሎ ወጣ። በ30 የምትነዱ ከሆነ 9 ሜትር ለማሰብ፣ 4 ተኩል ሜትር ለመቆም፤ ልጁ ጋ ሳትደርሱ ቆማችኋል። በ50 ከሆነ ገና እያሰባችሁ 15 ሜትር ሄዳችኋል። ማለትም ልጁን የምትመቱት ፍሬን ሳትነኩ፣ በሙሉ 50 ነው። ያ ሁሉ «20 ኪሎ ሜትር ምን ለውጥ ያመጣል?» የሚል ክርክር እዚህች 14 ሜትር ላይ ያልቃል።

የዓለም ጤና ድርጅት አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ በ4 በመቶ ገደማ ይጨምራል ይላል። ቀመሯን ከሠራችሁ በኋላ ይህ ብዙ አያስገርማችሁም።

4. የሰፈር ውስጥ መንገድና ትምህርት ቤት አካባቢ

30፣ ካስፈለገም ከዚያ በታች። ስፔን እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በየአቅጣጫው አንድ ረድፍ ብቻ ያላቸውን የከተማ መንገዶች በሙሉ 30 አድርጋለች። ዌልስም በ2023 ቤት የበዛባቸውን መንገዶች ከ30 ወደ 20 ማይል አውርዳለች። አቅጣጫው ወዴት እንደሆነ ግልጽ ነው።

እዚህ ዓይናችሁ የሚፈልገው እግረኛውን ሳይሆን እግረኛው ሊወጣበት የሚችለውን ቦታ ነው። የቆሙ መኪኖች መሀል፣ የቆመ አውቶቡስ ፊት፣ የግቢ በር። ኳስ ከተንከባለለ ተከትሎት የሚመጣ አለ። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች መሀል ነዳጅ ረግጦ፣ ጉብታው ጋ ሲደርስ ፍሬን ረግጦ የሚሄድ ሾፌር ታያላችሁ። ጎማና ሾክ ከመጨረስ በቀር የሚያተርፈው የለም። በሁለተኛ ማርሽ ረጋ ብሎ መሄድ ይሻላል።

5. የከተማ ዋና መንገድ

አታላይ መንገድ ነው። ሰፊ ነው፣ ረድፉ ብዙ ነው፣ እግር ራሱ ይጫናል። ግን በየመቶ ሜትሩ መስቀለኛ፣ ዜብራ፣ የሚታጠፍ መኪና አለ። ስለዚህ የ50 ክልል ውስጥ ነው፤ ሰው ሲበዛ ደግሞ ወደ 30 ይጠጋል።

አንድ የማትረሱት ደንብ፦ ዜብራ ላይ ከጎናችሁ ያለው መኪና ከቆመ እናንተም ቁሙ። የቆመበት ምክንያት ከእናንተ ተሸፍኗል። ባለ ብዙ ረድፍ መንገድ ላይ እግረኛ ከሚመታባቸው ሁኔታዎች አንዱ ይሄ ነው፤ አንዱ ያሳልፈዋል፣ ሌላው ሳያየው ይደርስበታል።

ቸኩያለሁ ለሚል ደግሞ ሒሳቡ ይኸው። 10 ኪሎ ሜትር በ50 ሳይቋረጥ ቢነዳ 12 ደቂቃ ነው፣ በ60 ደግሞ 10 ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ። ያቺንም ቀዩ መብራት ይበላታል።

6. ከከተማ ውጭ፣ አካፋይ የሌለው መንገድ

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሰው ፈጣን መንገድን ይፈራል፤ ይበልጥ ሊፈራ የሚገባው ይህን ነው። በየአቅጣጫው አንድ ረድፍ፣ መሀሉ ላይ ቀለም ብቻ፣ ፍጥነቱ 80 እና 90። በእናንተና ከፊት በሚመጣው መሀል ያለው አጥር አንድ የተቀባ መስመር ነው። ስዊድኖች የዚህ ዓይነት ብዙ መንገዶችን ሦስት ረድፍ አድርገው መሀሉ ላይ የሽቦ ገመድ አጥር ዘርግተውበታል። የሞቱ ቁጥር በጣም ቀንሷል። የሾፌሩ ባሕርይ አልተለወጠም፤ ፊት ለፊት መገናኘቱ ግን ቀረ።

አጥር በሌለበት ግን ሥራው የእናንተ ነው። በሦስት ነገር ላይ አተኩሩ።

የመጀመሪያው ደርቦ ማለፍ ነው። በ70 የሚሄድ የጭነት መኪና በ90 ልታልፉ ነው እንበል። የፍጥነት ልዩነታችሁ 20 ብቻ ነው። ከኋላው ተነስታችሁ፣ ርዝመቱን አልፋችሁ፣ ፊቱ በቂ ክፍተት ትታችሁ እስክትመለሱ 12 ሴኮንድ ገደማ ይፈጃል። በ12 ሴኮንድ በ90 የምትሄዱት 300 ሜትር ነው። ከፊት የሚመጣው መኪናም በ90 ከሆነ እሱም 300 ሜትር ይመጣል። ስለዚህ 600 ሜትር ንጹሕ መንገድ ሊታያችሁ ይገባል፣ ለክፉ ጊዜ ትርፍ ሳይያዝ። ያን ያህል ካልታያችሁ አትውጡ። ያልተቆራረጠ መስመር ላይ፣ ኩርባ ላይ፣ ዳገት ጫፍ ላይ ደግሞ ጨርሶ ጥያቄም አይነሳም። ሰው ሲደርባችሁም ፍጥነት አትጨምሩ፤ አሳልፉት።

ሁለተኛው ኩርባ ነው። መኪናውን ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር አብሮ በእኩል አይጨምርም፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ነው። ስለዚህ በ40 በምቾት የታጠፋችሁት ኩርባ በ60 ሌላ ኩርባ ነው። ፍሬን የሚያዘው ኩርባው ከመጀመሩ በፊት፣ መሪው ቀጥ እንዳለ ነው። ማርሹም ያኔ ይቀነሳል። ኩርባው ውስጥ ፍጥነቱን እንዳለ ይዛችሁ እለፉ፣ መውጫው ሲታያችሁ ነዳጅ ስጡ።

ሦስተኛው መንደር ነው። ዋናው መንገድ መንደር መሀል ሲያልፍ መንገዱ አይቀየርም፤ ያው አስፋልት፣ ያው ስፋት። የተቀየረው በዳሩ ያለው ሰው ነው። እግረኛ፣ ብስክሌት፣ ከብት፣ ልጆች። ከላይ በተባለው መለኪያ ይህ የ30 ቦታ ነው፤ ቢበዛ 50። በ80 ደርሳችሁ መንደሩ ውስጥ ሳይሆን የመጀመሪያው ቤት ሳይደርስ ፍጥነቱን ጨርሱ።

7. ጠባብ የገጠር መንገድና ፒስታ

መንገዱ ሁለት መኪና ጎን ለጎን የማያሳልፍ ከሆነ ቀመሯን በዚህ አስተካክሉ፦ ከሚታያችሁ ርቀት በግማሹ ውስጥ መቆም መቻል አለባችሁ። ሌላው ግማሽ ከፊት ለሚመጣው ነው። 60 ሜትር ከታያችሁ 30 ሜትር አላችሁ፤ ይህ ማለት ከ40 ብዙም ማለፍ የለም።

ፒስታ ላይ ደግሞ ጠጠሩ ጎማ ስር ይንከባለላል። ፍሬን የያዘ ጎማ የሚይዘው መሬት አያገኝም። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ መሣሪያ) ያለው መኪናም ቢሆን ልቅ ጠጠር ላይ ለመቆም ረዘም ይልበታል፤ ጥቅሙ መሪው እንዲታዘዝ ማድረጉ ነው።

የተጨማደደ ፒስታ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በ40 ያንቀጠቅጣል፣ ከፍ ብላችሁ 70 ስትገቡ ድንገት ይለሰልሳል። «በፍጥነት ሲነዳ ይሻላል» የሚሉት ለዚህ ነው። ለስላሳ የሆነው ግን ጎማው ከጫፍ ወደ ጫፍ እየዘለለ ስለሆነ ነው። አብዛኛውን ጊዜ መሬት አይነካም ማለት ነው። መሬት ያልነካ ጎማ አይታጠፍም፣ አይቆምም። ይንቀጥቀጥ።

የፊተኛው መኪና አቧራ ካስነሳ ራቁ። አቧራው ውስጥ ገብቶ መድረብ በጭፍን መንዳት ነው።

8. ፈጣን መንገድ

ዲዛይኑ ብዙ ስህተት ያስተካክላል። አካፋይ አለ፣ መስቀለኛ የለም፣ እግረኛ የለም። 100፣ 120፣ 130 የሚፈቀደው ለዚህ ነው። አደጋው ያለው በፍጥነት ልዩነት ላይ ነው። በመግቢያው ረድፍ ላይ ፍጥነታችሁን ከሚሄዱት ጋር አመሳስሉ፣ ፍሬቻ አሳዩ፣ ስፖኪዮውንም በትከሻችሁ በኩል ጎናችሁንም አይታችሁ ግቡ። በ50 ተንቀራፍፎ መግባት ጥንቃቄ አይደለም።

ከፊተኛው መኪና ያላችሁን ርቀት በሜትር አትገምቱ። እሱ አንድ ምልክት ወይም ጥላ ሲያልፍ መቁጠር ጀምሩ። እናንተ እዚያ ለመድረስ ቢያንስ 2 ሴኮንድ ይፍጅባችሁ። ዝናብ ከሆነ 4።

ከፈጣን መንገድ ስትወጡ ዓይናችሁን አትመኑ። ረጅም ጊዜ በ120 የነዳ ሰው 70 እንደ መቆም ይመስለዋል። መውጫው ደግሞ ብዙ ጊዜ እየከረረ የሚሄድ ኩርባ አለው። ስሜታችሁን ትታችሁ ጌጁን አንብቡ።

9. ሌሊት፣ ዝናብ፣ ቁልቁለት

የተለጠፈው ቁጥር የታሰበው ለጥሩ ሁኔታ ነው። አጭር መብራት ከ40 እስከ 60 ሜትር ገደማ ያሳያል፤ ጠቆር ያለ ልብስ የለበሰ እግረኛ ደግሞ የሚታየው ከዚያም ቀርቦ ነው። በ80 በሙሉ ፍሬን ለመቆም 24 ሲደመር 32፣ 56 ሜትር ያስፈልጋል። ሒሳቡ አይገጥምም። ረጅም መብራት ማብራት በማይቻልበት ጨለማ መንገድ ላይ 60 ይበቃል።

ዝናብ ላይ ፍሬን ከያዛችሁ በኋላ ያለው ርቀት እጥፍ ገደማ ይሆናል። ውሃ ከተኛበትና ጎማው ካለቀ መኪናው ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፣ መሪው ድንገት ይቀላል። ያኔ ፍሬን አትርገጡ፣ መሪም አታዙሩ። ከነዳጅ ላይ እግራችሁን አንሱና ጎማው መሬት እስኪይዝ ጠብቁ። ዝናብ ገና ሲጀምር ያለው ሰዓትም ክፉ ነው፤ የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ከውሃው ጋር ሲገናኝ ያንሸራትታል።

ረጅም ቁልቁለት ሳትጀምሩ ማርሹን ቀንሱ። ፍሬን ላይ ተኝቶ መውረድ ፍሬኑን ያግለዋል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ ቀስ በቀስ አልይዝ ይላል። የመቃጠል ሽታ ከሸተታችሁ ደህና ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ፣ ይቀዝቅዝ።

10. ጌጃችሁን እና ከኋላ የሚገፋችሁን

የፍጥነት ጌጅ ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ ማሳየት የለበትም፤ የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ይከለክለዋል። አጋኖ ማሳየት ግን በልክ ይፈቀዳል። ለዚህ ነው የስልክ ጂፒኤስ ብዙ ጊዜ ከጌጁ ትንሽ ዝቅ ያለ ቁጥር የሚያሳየው። ከፋብሪካው የተለየ ትልቅ ጎማ ካስገባችሁ ነገሩ ይገለበጣል፤ መኪናው ጌጁ ከሚለው በላይ ሊሄድ ይችላል። ጎማ ስትቀይሩ ቸርኬው ብቻ ሳይሆን የጎማው ጠቅላላ ቁመት መመሳሰሉን አረጋግጡ፣ ከዚያም ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ከጂፒኤስ ጋር አስተያዩት። ቁጥሩን የሚያነበው አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ይሁን።

በትክክለኛው ፍጥነት እየሄዳችሁ ከኋላ ተለጥፎ መብራት የሚያበራባችሁ ሾፌር አይጠፋም። ፍጥነት መጨመር አይጠቅማችሁም፤ በአዲሱ ፍጥነት ያንኑ ያህል ይጠጋል። ፍሬን ነክቶ ማስደንገጥም የባሰ ነው። ከፊታችሁ ካለው መኪና ርቀታችሁን አስፉ። ያኔ በድንገት መቆም ስለማያስፈልጋችሁ እሱም አይገባባችሁም። ሰፋ ያለ ቦታ ስታገኙ ፍሬቻ አሳዩ፣ ወደ ዳር ያዙ፣ ይለፍ።